የ25ቱ ቃላት ሐኪም፤ የዶክተር ማርሴል ጁኖ ሕይወት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳገት ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ ቆቦ ሜዳ ብቅ ሲል፣ በስተ ግራው የላስታን ተረተር፣ በስተ ቀኙ የዞብልን ተራራ አድርጎ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበትን ሰፊውን የራያ ቆላ ያቋርጣል። መንገዱ በአላማጣ በኩል አልፎ የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣና ኮረም ይገባል። በ1928 ዓ.ም. በጋ ይህ መንገድ የሰሜኑ ጦር ግንባር የደም ሥር ነበር። ስንቅና ጥይት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቁስለኛው በበቅሎ፣ በቃሬዛ፣ ዕድል የቀናውም በካሚዮን ወደ ታች ይወርዳል። የመድኃኒት ሣጥን የጫኑ የቀይ መስቀል ካሚዮኖችም የተጓዙት በዚሁ መስመር ነው።

በዚያ በጋ በዚህ ግንባር ከተገኙት ጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች አንዱ፣ ገና 32 ዓመት ያልሞላቸው የስዊስ ተወላጅ ዶክተር ማርሴል ጁኖ ነበሩ። ስማቸው በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው የአቶሚክ ቦምብ በወደቀባት በሂሮሺማ በሠሩት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከሂሮሺማ በፊት ኮረም ነበረች፤ በኮረምና በሂሮሺማ መካከል ደግሞ እምብዛም የማይነገርላቸው አንድ ትልቅ ሥራ ነበራቸው። ይኸውም ከቁስለኛው፣ ከሕመምተኛውና ከእስረኛው ለተለየው ቤተ ሰብ ወሬ ማድረስ ነው። ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ በነርሷና በቤተ ሰቡ መካከል የሚነሣው ጥያቄ የዚያው የአሮጌው ጥያቄ ልጅ ስለሆነ፣ የእኚህን ሰው ሕይወት በዚህ በኩል መመልከት ይጠቅማል። (በአገራችን የተፈጸመው ነገር በኢትዮጵያ ዘመን፣ በውጭ የተፈጸመው በአውሮፓ አቆጣጠር ተሰጥቷል።)

ማርሴል ጁኖ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1904 ኔሻቴል በተባለች የስዊስ ከተማ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበሩ። አባታቸው በቤልጅግና በስዊስ በድኾች ሠራተኞች መንደር ያገለገሉ የፕሮቴስታንት ቄስ ሲሆኑ፣ ማርሴል ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ሳሉ ዐረፉ። እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጄኔቭ ተዛወሩና የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከፍተው አሳደጓቸው። ለሕክምና ትምህርታቸው የረዷቸው፣ በሞዛምቢክ ብዙ ዘመን ኖረው ስለዚያ አገር ሕዝብ ባህል በመጻፍ ስማቸው የተጠራው አጎታቸው አንሪ አሌክሳንደር ጁኖ ናቸው። ማርሴል እ.ኤ.አ. በ1929 በሕክምና ተመርቀው፣ በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና እየተማሩ ሲሠሩ ቆዩ። የተለመደ የሐኪም ኑሮ ይጠብቃቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ በጄኔቭ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ጦርነቱ አገር የሚልከው ሐኪም ፈለገ። ጁኖ ጥሪውን ተቀብለው፣ ሲድኒ ብራውን ከተባሉት የኮሚቴው መልእክተኛ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ስለነበር፣ ጦርነቱ ሲጀመር ገና የወራት ዕድሜ ያለው ሕፃን ነበር። በአገሪቱ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ የሠለጠነ ነርስ ደግሞ ከናካቴው የሌለ ያህል ነው። የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ የሕክምና ጓዶች እየተከታተሉ መጡ። የጁኖ ሥራ እነዚህን ጓዶች ማስተባበርና በየግንባሩ እየተዘዋወሩ መጐብኘት ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሆስፒታሉም ከጉዳቱ አልዳነም፤ በታኅሣሥም በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ጓድ ተደበደበ። የቀይ መስቀሉ ምልክት በድንኳን ላይ ተዘርግቶ ሳለ ድንኳኑ ኢላማ መሆኑ ለወጣቱ ሐኪም የመጀመሪያው ትምህርት ነበር።

የሰሜኑ ግንባር ትምህርት ግን ከዚያም የባሰ ነበር። የእንግሊዙ ጓድ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ሰዎቻቸውንና ካሚዮኖቻቸውን እየመሩ በወሎ በኩል ወደ ኮረም ወጥተው ድንኳናቸውን ተክለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላን መጥቶ ሰፈሩን ደበደበው፤ ከሕመምተኞቹም የሞቱ ነበሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በመጋቢት ወር፣ ጁኖ ራሳቸው የመጡበት የቀይ መስቀል አውሮፕላን በኮረም ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ በቦምብ ተቃጠለ። አብራሪው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። እኚህ ሰው ለኢትዮጵያ ያላቸው ፍቅር በዚያ ያልበረደ፣ ከነጻነት በኋላ የአየር ኃይላችንን በማቋቋም የሠሩ፣ በኋላም በረኃብ ዘመን እህል ከአውሮፕላን እያወረዱ የረዱና በመጨረሻ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጐዴ ላይ የተገደሉ ናቸው። አውሮፕላኑ ከተቃጠለ ወዲያ ለመልእክተኛው የቀረው የምድር መንገድ ብቻ ነው፤ ከኮረም ወደ ደሴ የሚወርደው መንገድ ደግሞ በአላማጣና በቆቦ ሜዳ የሚያልፈው ያው የቁስለኛ መንገድ ነበር።

ጁኖ በኮረም አካባቢ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሰው አዩ። ቆዳው ተልጦ፣ ዓይኑ ታውሮ፣ መድኃኒት ይገኛል ብሎ ከድንኳን ድንኳን የሚሄደው ሕዝብ ከሐኪሙ አቅም እጅግ በላይ ነበር። የጋዝ መከላከያ ጭንብል የለም፤ ቅባትና ፋሻም የሚበቃ አልነበረም። ነርስ ሲባል የሚታሰበው ነጭ ልብስ የለበሰች ሠልጣኝ በዚያ አልነበረችም። ቁስል የሚያጥቡትና የሚያስሩት በጥድፊያ የሠለጠኑ ድሬሰሮች ናቸው፤ ከእነሱ ውጪ ያለውን የማስታመም ሥራ ሁሉ የሚሠራው የቁስለኛው የራሱ ወገን ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት እንደ ልማዱ ሚስቱን፣ ወንድሙንና አሽከሩን አስከትሎ የዘመተ ስለነበር፣ ቁስለኛው በወደቀበት ውሃ የሚያጠጣው፣ ዝንብ የሚያባርርለት፣ ሌሊት የሚያገላብጠው ሰው ነበረው። በአማርኛ አስታማሚ የሚለው ቃል ለዚህ ሰው የወጣ ስም ነው፤ ቃሉ ራሱ ከሕመም የተወለደ በመሆኑ አስታማሚውን ከታማሚው አይለየውም።

ወገን የሌለው ቁስለኛስ? የወታደሩ ስምና የትውልድ ቀበሌ የሰፈረበት መዝገብ፣ በአንገት የሚንጠለጠልም መታወቂያ አልነበረም። ከጐጃም ወይም ከሸዋ መጥቶ በኮረም ዳገት ላይ የሞተ ሰው ሞቱ ለቤቱ የሚደርሰው፣ ከሞት የተረፈ የአገሩ ልጅ በወራት ጉዞ አገሩ ሲገባ ነው። ያም ሰው እንደ ገባ አይናገርም። ሽማግሌ ይመክራል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል መርዶው ይነገራል። ብዙ ቤት ግን መርዶ እንኳን ሳይደርሰው፣ ይመጣል እየተባለ ሲጠበቅ ዓመታት አለፉ። ሚስት እንደ ባለትዳር ትኑር ወይስ እንደ መበለት፣ ተዝካር ይውጣ ወይስ ይቆይ፣ ርስቱስ ለማን ይሁን የሚለው ሁሉ በአንድ ያልደረሰ ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ነገር ተራ የሐዘን ጉዳይ አድርጎ የሚመለከተው ሰው ጥልቀቱን አልመረመረውም።

ከዚሁ ጋር የማይታለፍ ሌላ ዝምታ አለ። ጁኖ ያዩትን ሁሉ ለጄኔቭ አመለከቱ። ኮሚቴው ግን የመርዝ ጋዙን ነገር ለዓለም ገልጦ ከመናገር ተቆጠበ፤ ከሁለቱም ወገን ጋር ተግባብቶ መሥራት ካልቻለ ለቁስለኛው የሚሰጠው ርዳታ ይቀራል የሚል ነበር ምክንያቱ። ያ ምክንያት ውሃ አይቋጥርም ባይባልም፣ በኋላ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች ኮሚቴውን በዚህ አጥብቀው ነቅፈውታል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው። ያወቀውን ነገር ለሚመለከተው ሰው አለመናገር፣ ምክንያቱ ምንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ በዘረፋና በእሳት ስትታመስ ዶክተር ሜሊ ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ሚያዝያ 27 ቀን ዐረፉ፤ የኢጣልያ ጦር ከተማዪቱን የያዘውም በዚያው ዕለት ነው። ጁኖ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ኮሚቴው ዳግመኛ ጠራቸው፤ በሐምሌ የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ፈንድቶ ነበርና።

ወደ እስፓኝ የተላኩት ለጥቂት ሳምንታት ነው ተብለው ነበር፤ ሥራው ግን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወሰዳቸው። በኢትዮጵያ የተዋጉት ሁለት መንግሥታት ሲሆኑ በእስፓኝ የተዋጉት ጐረቤትና ጐረቤት፣ ወንድምና ወንድም ናቸው። የጦርነት ሕግ የሚናገረው ስለ መንግሥታት ጦርነት ስለነበር፣ በእርስ በርስ ጦርነት የተያዘውን ሰው የሚጠብቅ ግልጽ አንቀጽ አልነበረም። ጁኖ ሁለቱንም ወገኖች እየተመላለሱ አነጋገሩ፤ ኮሚቴው በሁለቱም በኩል ቢሮ እንዲከፍት ፈቃድ አስገኙ፤ እስረኛና መያዣ በማስለወጥም ደከሙ። አንዱ ልውውጥ ሲሳካ አሥሩ ይከሽፍ ነበር።

ልዩ ጥበብ የታየው ግን በትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ጦርነቱ ፖስታውንና ስልኩን ስለ ቆረጠው፣ በማድሪድ ያለች እናት በሴቪሊያ ያለ ልጇ በሕይወት ይኑር ይሙት አታውቅም። ሁለቱም ወገኖች ደብዳቤ ያልፍ ዘንድ አይፈቅዱም፤ ምሥጢር ይወጣል የሚል ፍርሃት አለባቸውና። ስለዚህ ቀይ መስቀል አንድ ካርድ አዘጋጀ፤ የላኪውና የተቀባዩ ስምና አድራሻ በላዩ ላይ አለ፤ ከዚያ በታች ከ25 ቃል የማይበልጥ የቤተ ሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ካርዱ ተዘግቶ አይታሸግም፤ ማንም መርማሪ ሊያነበው ይችላል። መልሱም በዚያው ካርድ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይመለሳል። ጦርነቱ እስኪያልቅ 5 ሚሊዮን ያህል መልእክት በዚህ መንገድ ተለዋወጠ።

ስለ ቴሌግራፍ ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ካርድ ብልሃት ወዲያው ይገነዘባል። መስመሩ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የሚያልፈው ነገር አስቀድሞ ተመጥኗል። ስምና አድራሻው ስለ ተጻፈ ወዳልታሰበ ሰው አይሄድም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመልሱ ቦታ ነው፤ መመለሻ የሌለው መስመር ተነገረ እንጂ ተሰማ አያሰኝም። በ25 ቃል ስለ ፖለቲካ ማውራት አይቻልም፤ አለን፣ ልጁ ድኗል፣ አያት ዐርፋለች ለማለት ግን ይበቃል። ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚፈልገውም ከዚያ አይበልጥም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በእስፓኝ የተፈተነው ነገር በዓለም ላይ ተዘረጋ። ጁኖ በጀርመን፣ በፖላንድና በሌሎችም የጦርነት አገሮች እየተዘዋወሩ የምርኮኛ ሰፈሮችን ሲጐበኙ፣ በጄኔቭ የጦር ምርኮኞች ማዕከላዊ ድርጅት የያንዳንዱን ምርኮኛ ስም በካርድ ይመዘግብ ነበር። የካርዱ ብዛት በጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 36 ሚሊዮን ደረሰ። በእጅ መፈለግ የማይቻል ሲሆን፣ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካርድ እየበሱ የሚለዩ የሆለሪት መኪናዎችን ያለ ኪራይ አዋሰ። ለሰላማዊው ሕዝብ የተፈቀደው የ25 ቃል መልእክትም ከ20 ሚሊዮን በላይ አለፈ። ዛሬ ኮምፒዩተር በምንለው ነገር ታሪክ ውስጥ፣ አንዲት እናት የልጇን አድራሻ እንድታገኝ የተሠራው ይህ ሥራ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በጁን 1945 ኮሚቴው ጁኖን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ላካቸው። ጉዞው በሞስኮና በሳይቤሪያ፣ ከዚያም በማንቹሪያ አድርጎ ኦገስት 9 ቀን ቶኪዮ አደረሳቸው፤ ናጋሳኪ የተመታችበት ዕለት ነው። ነፍሰ ጡር ባለቤታቸውን በጄኔቭ ትተው ስለ ነበር ልጃቸው የተወለደው እሳቸው ጃፓን ሳሉ ነው፤ የሚሊዮን ቤት ወሬ ያመላለሰው ሰው የራሱን ቤት ወሬ ከሩቅ ጠባቂ ሆነ። ከሂሮሺማ የደረሳቸውን የባልደረባቸውን መግለጫና ሥዕል ይዘው ወደ አሜሪካ ጦር አዛዦች ቀረቡ፤ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን መድኃኒትም አስገኝተው ሴፕቴምበር 8 ቀን ከመድኃኒቱ ጋር ወደ አካባቢው በረሩ። በፈራረሰችው ከተማ ከጃፓን ሐኪሞች ጋር ሕሙማንን እየተመለከቱ ቆዩ። የሂሮሺማ ሕዝብ ውለታቸውን ሳይረሳ እ.ኤ.አ. በ1979 በሰላም መናፈሻው መታሰቢያ አቆመላቸው። ከኮረም እስከ ሂሮሺማ ያዩትን የጻፉበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1947 ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሟል፤ መጽሐፉ የሚጀምረው በኢትዮጵያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ በሁለት መስመር የሚታለፍ ነው። ለጽኑ ሕሙማን ሕክምና ግን ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ወደ ቻይና ሄደው ሲሠሩ ታመሙ፤ ብዙ ሰዓት መቆም ተሳናቸው። መቆም ያልቻለ ሐኪም ቀዶ ጥገና ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በ40ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ እንደገና ተማሪ ሆነው፣ ተቀምጦ ሊሠራ የሚቻለውን የማደንዘዣ ሕክምና በፓሪስና በለንደን ተማሩ። ወደ ጄኔቭ ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1953 በካንቶኑ ሆስፒታል የማደንዘዣ ሕክምና ክፍል አቋቁመው የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ።

ያ ዘመን የማደንዘዣ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥተው ወደ አልጋው የመጡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ቢዮርን ኢብሰን የተባሉት የማደንዘዣ ሐኪም መተንፈስ ያቃተውን ሕመምተኛ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ አበጅተው በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር እንዲሰጠው አደረጉ። 1500 ያህል ተማሪዎች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ከረጢቱን ጨመቁ፤ የሚሞተውም ሰው ቍጥር እጅግ ቀነሰ። በሚቀጥለው ዓመት ኢብሰን ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የተለየ ክፍል ከፈቱ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር ልደት ይህ ነው። ኋላ ከረጢቱን የሚጨምቀው ተማሪ በመኪና ተተካ፤ ነርሷ ግን አልተተካችም።

የማደንዘዣ ሐኪም ከሌላው ሐኪም የሚለይበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሕመምተኛው ሊያናግረው አለመቻሉ ነው። ሰውየው ተኝቷል፤ ያለው ትንፋሹ፣ የልቡ ምትና የደሙ ግፊት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ጉሮሮው ቱቦ የገባበት ሰው ስለ ራሱ አይናገርም። በዚያ ጊዜ ስለ እሱ ሊናገር የሚችል ሰው በመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመው ቤተ ሰቡ ነው። እሱ ግን ስለ ሕመምተኛው ሁኔታ ምንም አያውቅም፤ የምታውቀውም ነርሷ ናት። መስመሩ በሁለቱ መካከል ካልተዘረጋ ከየትም አይዘረጋም።

ናንሲ ሞልተር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው ጥናት፣ የጽኑ ሕሙማን ዘመዶች 45 ፍላጎቶችን በየደረጃቸው እንዲመዝኑ አድርጋ ነበር። ከላይ የወጡት ተስፋ እንዳለ ማወቅ፣ ሠራተኞቹ ለሕመምተኛው እንደሚያስቡ ማመን፣ ለጥያቄ እውነተኛ መልስ ማግኘትና ሁኔታው ሲለወጥ ወደ ቤት መጠራት ናቸው። ለራሳቸው ምቾት የሚመለከተው ወደ ታች ወረደ። ይህ ከ25ቱ ቃላት ካርድ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ማየት ቀላል ነው።

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ። በራያ አገር ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም። ጐረቤት ይጠራል፤ የቅሬው ሰው ተራ ገብቶ ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሆስፒታል ሲደርስም ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረው፣ የሚያጐርሰው፣ መድኃኒት የሚገዛው ዘመድ ነው። ሕመሙ ከብዶ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ሲላክ፣ ከገንዘቡ ጋር የቅሬው ዓይንም አብሮ ይጓዛል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል። እስከዚያች ደቂቃ አስታማሚ የነበረው ሰው ከበሩ ውጪ ሲቀር ጠያቂ ይሆናል። በውስጥ የሞኒተሩ ደወል ይሰማል፤ ነርሷ ደወሉ የጠቆመው አንድ ሽቦ መላቀቁን እንደሆነ ታውቃለች፤ በውጪ ያለው ግን ሰውዬው ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ነርሷ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ዝምታዋ ይተረጐማል፤ የሚተረጐመውም ሁልጊዜ ወደ ክፉ ነው።

በነርሷ ላይ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ሐኪሙ ሳይናገር እንዳትናገር ታዝዛለች፤ ብዙ አልጋ ትጠብቃለች፤ ለአንዱ ዘመድ የነገረችውን አሥር ዘመድ መልሶ ይጠይቃታል። ከዚህም በላይ ባህሉ ራሱ ይፈትናታል። መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ የሚነገርበት አገር ነው፤ በስልክ ለእናቲቱ ወይም ለሚስቲቱ ሞቷል ማለት እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ልምድ ያላት ነርስ ይህን ስለምታውቅ አስቀድማ ከቤተ ሰቡ መካከል ጠንከር ያለውን ሰው ለይታ ስሙንና ስልኩን ትጽፋለች። ይህ መልካም ልማድ ነው። ችግር የሚሆነው የመርዶው ይሉኝታ ከሞት በፊት ላለው ወሬም መጋረጃ ሲሆን ነው። ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱን ሊያመጣ፣ እስላሙ ሸሃዳ ሊያሰማ፣ ሁለቱም ሰውያቸውን በሕይወት ሳለ ወደ አገሩ ወስደው በአባቶቹ መቃብር አጠገብ ሊያሳርፉ ይፈልጋሉ። ከደሴ እስከ ቆቦ አስከሬን አስጭኖ መሄድ ለገበሬ ቤት ከባድ ዕዳ ነው። ሕመምተኛው እንደማይድን እየታወቀ፣ ይሻለዋል እየተባለ ሦስት ቀን ያለፈበት ቤተ ሰብ የሚያጣው ነገር ከሐዘን በላይ ነው።

የነርስነት ሙያ በወሎ ሲጀመር ይህን የሚመስል ነገር እንደ ነበረ ይታሰባል። በለንደን ነርስነት ተምረው የተመረቁት ልዕልት ፀሐይ ከነጻነት በኋላ በደሴ ሆስፒታል አገልግለዋል፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም። በስማቸው አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የነርስ ትምህርት ቤቶች አንዱን አቋቋመ። ነርሷ ቁስል ስታጥብ፣ መርፌ ስትወጋና ሙቀት ስትለካ የምትፈተንበት ነገር ሁሉ በሥርዓት ተጽፎ ነበር፤ ለቤተ ሰብ መናገር ግን ለየነርሷ ጠባይ ተትቶ ኖረ። ጁኖ ካርዱን ለመልእክተኞች መልካም ጠባይ ብቻ ትተውት ቢሆን ኖሮ 5 ሚሊዮን መልእክት አይሄድም ነበር። ሰዓቱ የታወቀ፣ ተጠሪው የተመረጠ፣ የተነገረው በመዝገብ የሰፈረና ተረኛዋ ስትለወጥ ተከታይዋ ያንኑ የምትናገርበት ሥርዓት፣ ሕጉ አንድ ወረቀት ነው፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ራያ ምድር ሲዘልቅ ቆቦ ውስጥ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያም ወዲያ በትግራይ እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ በአንድ ሌሊት ወደ 1928 ዓ.ም. የተመለስን መሰለ፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አልነበረም፤ ወሬ በእግረኛ አፍ ይመጣ ነበር። ቀይ መስቀል ስሙን፣ አድራሻውንና ጥቂት ቃላትን በወረቀት ላይ አስፍሮ ከቤት ወደ ቤት ማዞር እንደገና ጀመረ፤ የሳተላይት ስልክ በደረሰበት ደግሞ ሰው ተሰልፎ ለጥቂት ደቂቃ ዘመዱን ያነጋግር ነበር። የሚነገረውም ያው ነበር፤ አለን፣ ልጁ ድኗል፣ አያት ዐርፋለች።

ዶክተር ጁኖ በዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ አባል፣ ከ1959 ጀምሮ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው እያገለገሉ፣ የማደንዘዣውን ሥራ አላቋረጡም። ጄኔቭ አጠገብ በምትገኝ ሉሊየ በተባለች መንደር ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1961 በሆስፒታሉ ለቀዶ ጥገና በተኛ ሕመምተኛ ራስጌ ማደንዘዣ እየሰጡ ሳለ ልባቸው ቆሞ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ከልዩ ልዩ አገር የተላኩ ከ3000 የሚበልጡ የሐዘን መግለጫዎች ጄኔቭ ገቡ።